«ምን አሉ?»፦ የባህል አዳራሾቻችንና የድምፅ ፊዚክስ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የባህል አዳራሽ በተዘጋጀ የሥነ ጽሑፍ ምሽት ላይ ተገኝተን ነበር። አዳራሹ አዲስ ነው፤ ወለሉ እንደ መስታወት ያብረቀርቃል፤ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ግድግዳው የጎጆ ቤትን ክብ ቅርጽ የተከተለ ነው። አንድ አዛውንት ገጣሚ ወደ መድረክ ወጥተው ሰምና ወርቅ የሆነ ግጥማቸውን ማንበብ ጀመሩ። ከጎናችን የተቀመጡ አንዲት እናት ወደ ልጃቸው ጠጋ ብለው «ምን አሉ?» ሲሉ ጠየቁ። ልጁም አልሰማ ኖሮ ወደ እኛ ዞረ። እኛም አልሰማንም። የድምፅ ማጉያው ኃይል እንዲጨመር ተደረገ፤ ነገሩ ግን ባሰበት። በመጨረሻም ታዳሚው ለአክብሮት ሲል አጨበጨበ፤ ወርቁ ግን ከጣሪያውና ከግድግዳው መካከል ቀረ።

ይህ ለምን ሆነ? ጥፋቱ የገጣሚው፣ የማጉያው ወይስ የሕንጻው? በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን በፊዚክስ ዓይን ለመመልከት እንሞክራለን።

አንድ ተናጋሪ በአዳራሽ ውስጥ ሲናገር ድምፁ ወደ አድማጩ የሚደርሰው በአንድ መንገድ ብቻ አይደለም። አስቀድሞ ቀጥተኛው ድምፅ ይደርሳል፤ ከዚያም ከግድግዳ፣ ከጣሪያና ከወለል የጸበረቁ ሞገዶች በየተራ ይከተላሉ። ከቀጥተኛው ድምፅ በኋላ በሰከንድ 5 መቶኛ ክፍል ውስጥ የሚደርሱትን ጆሯችን ከመጀመሪያው ጋር አዋህዶ ስለሚሰማቸው ንግግሩን ያጎለብታሉ። ዘግይተው የሚደርሱት ግን በሚቀጥለው ቃል ላይ ይደረባሉ። ድምፅ በ20 ዲግሪ ሴልሽየስ ሙቀት በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ 20 ሜትር ርዝመት ባለው አዳራሽ ከተናጋሪው በ3 ሜትር ርቀት ላይ የተቀመጠ ሰው ከኋላ ግድግዳ የሚመለሰውን ድምፅ በሰከንድ አንድ አሥረኛ ዘግይቶ ይሰማዋል። ይህም ከገደል ማሚቶ የሚለይ አይደለም። ከእነዚህ ጽብረቃዎች ክምችት የሚፈጠረውንና ተናጋሪው ዝም ካለም በኋላ በአዳራሹ የሚቆየውን ድምፅ ቅሪተ ድምፅ ብለን እንጥራው።

ትራስ ተሸክሞ የተገኘ ሕግ

እ.ኤ.አ. በ1895 በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የፎግ የሥነ ጥበብ ሙዚየም የንግግር አዳራሽ ተመሳሳይ ችግር ገጥሞት ነበር። የተነገረ ቃል ከ5 ሰከንድ በላይ በአየር ላይ ይቆይ ስለነበር መምህራን ሊያስተምሩበት አልቻሉም። መፍትሔ እንዲፈልግ የታዘዘው ዋላስ ሳቢን የተባለ የ27 ዓመት ወጣት የፊዚክስ መምህር ነበር። ሳቢን ከአንድ የኦርጋን ቧንቧ፣ ከሰዓትና ከገዛ ጆሮው በቀር መሣሪያ አልነበረውም። ከረዳቶቹ ጋር በሌሊት የጎረቤቱን የሳንደርስ ቴአትር የመቀመጫ ትራሶች እያጋዘ አዳራሹ ውስጥ ይደረድራል፤ ቧንቧውን ነፍቶ ድምፁ እስኪጠፋ ያለውን ጊዜ ይለካል፤ ሳይነጋም ትራሶቹን ወደ ቦታቸው ይመልሳል። ከዚህ ድካም የተገኘው ሕግ እስከ ዛሬ ድረስ የአዳራሽ ድምፅ ጥናት መሠረት ነው።

ሕጉ ቀላል ነው። የአዳራሹን ይዘት በኩብ ሜትር ወስደን በ0.161 እናባዛለን፤ ውጤቱን በውስጡ ላሉት ገጽታዎችና ሰዎች ጠቅላላ ድምፅ የመምጠጥ አቅም እናካፍላለን። የሚገኘው ቁጥር ድምፅ በ60 ዴሲቤል እስኪወርድ፣ ማለትም ኃይሉ ወደ ሚሊዮንኛው እስኪቀንስ የሚወስደው ጊዜ በሰከንድ ነው። የመምጠጥ አቅም መለኪያውም የተከፈተ መስኮት ነው፤ በመስኮት የወጣ ድምፅ አይመለስምና አንድ ካሬ ሜትር ክፍት መስኮት እንደ አንድ ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ1900 የተመረቀው የቦስተን ሲምፎኒ አዳራሽ በዚህ ስሌት እየተመራ የተሠራ ሲሆን ዛሬም ከዓለም ምርጥ የሙዚቃ አዳራሾች አንዱ ነው።

እስቲ በቁጥር እንየው

20 ሜትር ርዝመት፣ 15 ሜትር ስፋትና 8 ሜትር ከፍታ ያለው አዳራሽ እንውሰድ። ይዘቱ 2,400 ኩብ ሜትር፣ የውስጥ ገጽታው 1,160 ካሬ ሜትር ነው። ሊሾ፣ ልስን ግድግዳና መስታወት ከሚያርፍባቸው ድምፅ የሚመጡት በአማካይ 4 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው ብንል፣ ጠቅላላ የመምጠጥ አቅሙ 46 ይሆናል። ባዶው አዳራሽ ድምፅን ከ8 ሰከንድ በላይ ያቆያል ማለት ነው። አንድ የተቀመጠ ሰው በአማካይ 0.45 ያህል ይመጣል ብንል፣ 150 ታዳሚዎች ሲገቡ ጊዜው ወደ 3.4፣ 300 ሲገቡ ደግሞ ወደ 2.1 ሰከንድ ይወርዳል። ለንግግር የሚመከረው 1 ሰከንድ ገደማ ነው።

አሁን የኋላ ግድግዳውን 120 ካሬ ሜትርና ከተመልካቹ በላይ ካለው ጣሪያ 180 ካሬ ሜትር የሚሆነውን፣ ከሚያርፍበት ድምፅ 70 በመቶውን በሚመጥ ቀዳዳማ ነገር እንሸፍነው። አዳራሹ በ300 ሰዎች ሲሞላ ጊዜው 1 ሰከንድ ገደማ ይሆናል። ከመድረኩ በላይ ያለው ጣሪያ ግን ጠንካራ ሆኖ መቅረት አለበት፤ ድምፁን ቶሎ ወደ ታዳሚው የሚመራው እርሱ ነውና።

መጥበቅና መላላት

ጉዳዩ ለእኛ ቋንቋ የተለየ ክብደት አለው። በአማርኛ «አሉ» ሲላላ «ተናገሩ»፣ ሲጠብቅ «ይገኛሉ» ማለት ነው። «ሰፊ» ሲላላ ልብስ የሚሰፋ፣ ሲጠብቅ ጠባብ ያልሆነ ነው። «ይመታል» ሲላላ መቺው፣ ሲጠብቅ ተመቺው ነው። ይህን ሁሉ የሚለየው የሰከንድ ጥቂት መቶኛ ክፍሎች ናቸው። እንደ «ተ» ባሉ ድምፆች ላይ ደግሞ መጥበቅ ማለት አፍ ተዘግቶ የሚቆይበት የዝምታ ጊዜ መርዘም ነው። የማስተጋቢያ ጊዜው 3.4 ሰከንድ በሆነ አዳራሽ ውስጥ ቅሪተ ድምፅ በሰከንድ አንድ አሥረኛ ውስጥ 2 ዴሲቤል እንኳ አይቀንስም። ያቺን ትንሽ ዝምታ የቀደመው ቃል ጭራ ይሞላታል፤ መጥበቅና መላላት ይደባለቃሉ፤ ኅብረ ቃሉም ይሞታል።

የማጉያውን ኃይል መጨመር ለምን እንዳልረዳም ከዚሁ እንረዳለን። ማጉያው ቀጥተኛውን ድምፅ ከፍ ሲያደርግ ቅሪቱንም በዚያው ልክ ከፍ ያደርጋል፤ የሁለቱ ንጽጽር አይለወጥም።

ቅርጹን ወስዶ ጥቅሙን መተው

የጎጆን ቅርጽ ለባህል ማዕከል መዋስ የሚያስመሰግን ሐሳብ ነው። ይሁንና ክብ ግድግዳ ድምፅን እንደ ሾጣጣ መስታወት ወደ አንድ አካባቢ ይሰበስባል። በጎጆው ውስጥ ይህ ችግር ያልጎላው ቤቱ ትንሽ ስለሆነና ድምፅ በሳር ክዳኑ ሽንቁሮች ገብቶ በሰበቃ ወደ ሙቀት ስለሚለወጥ ነው። ያንኑ ቅርጽ አግዝፈን በኮንክሪትና በመስታወት ስንሠራው መልኩን እናተርፋለን፤ ሥራውን ግን እናጣለን።

ለዚህ መልካም ትምህርት የሚሰጠን በኒው ካሌዶንያ የሚገኘው የዣን ማሪ ቺባው የባህል ማዕከል ነው። ጣሊያናዊው አርክቴክት ሬንዞ ፒያኖ የነደፈውና እ.ኤ.አ. በ1998 የተመረቀው ይህ ማዕከል የካናክ ሕዝብን ጎጆዎች የሚያስታውሱ አሥር የእንጨት ሕንጻዎች አሉት፤ ረጅሙ 28 ሜትር ከፍታ አለው። ሆኖም የተወሰደው መልክ ብቻ አይደለም። ሕንጻዎቹ ድርብ ግድግዳ ስላላቸው እንደ ነፋሱ ጥንካሬ በሚከፈቱና በሚዘጉ ቀዳዳዎች የባሕሩን ነፋስ ለማቀዝቀዣ ይጠቀሙበታል። ሥራው ከቅርጹ ጋር አብሮ ተወርሷል ማለት ነው።

የቸልታ ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ለማየት ደግሞ ኒው ዮርክን እንመልከት። በሊንከን ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1962 የተከፈተው የፊልሃርሞኒክ አዳራሽ ከመነሻው የታቀደለት የወንበር ቁጥር ከፍ እንዲል በመደረጉ ቅርጹ ተለወጠ፤ ድምፁም ገና ከመከፈቱ ተነቀፈ። እ.ኤ.አ. በ1976 ውስጡ ፈርሶ እንደገና ተሠራ። ያም ስላላረካ ዳግመኛ ፈርሶ እ.ኤ.አ. በ2022 በ550 ሚሊዮን ዶላር ወጪ ተከፈተ። ሀብታም አገር ሁለት ጊዜ አፍርሶ መሥራት ይችል ይሆናል፤ እኛ ግን አንዴ የሠራነውን ለልጅ ልጆቻችን እናወርሳለን።

ምን ይደረግ?

የሚያስፈልገው ብዙ ገንዘብ ሳይሆን ቅድሚያ ማሰብ ነው። አዳራሹ በዋናነት ለንግግር ነው ወይስ ለሙዚቃ የሚለው ጥያቄ ንድፉ ከመጽደቁ በፊት ይመለስ፤ ለሁለቱም ከሆነ ደግሞ በጎንና በጎን ግድግዳዎች ላይ የሚዘረጋና የሚሰበሰብ ወፍራም መጋረጃ ይታቀድ። አዳራሹ በከፊል ባዶ ሲሆን ድምፁ እንዳይበላሽ ወንበሮቹ የጨርቅ ልባስ ይኑራቸው። ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ የክረምት ዝናብ ቃልን ሁሉ እንዳይውጥ ከሥሩ ከባድ ኮርኒስና ማፈኛ ይግባበት። ከሁሉም በላይ ስሌቱ አንዲት ገጽ ወረቀት የማይሞላ በመሆኑ፣ ከሲሚንቶው በፊት ይሠራ።

አንባቢም የራሱን ድርሻ ሊወጣ ይችላል። በሚቀጥለው ጊዜ ባዶ አዳራሽ ሲገቡ አንድ ጊዜ አጥብቀው ያጨብጭቡና ድምፁ እስኪጠፋ ሰዓትዎን ይመልከቱ። ሳቢንም በመሠረቱ ከዚህ የተለየ አላደረገም። ከሁለትና ከሦስት ሰከንድ በላይ ከቆየ፣ በዚያ መድረክ ላይ ግጥማቸውን የሚያነቡ አዛውንት ምን እንደሚጠብቃቸው ያውቃሉ፤ ለሚመለከተውም ሰው ቁጥሩን ይዘው መናገር ይችላሉ።