ማስተዳደርና መምራት ለየቅል ናቸው

በስደት ዓለም የምንኖር ሰዎች አለቃ አጥተን አናውቅም። ፈረቃ የሚደለድል፣ ያረፈድንበትን ደቂቃ የሚቆጥር ሱፐርቫይዘር በየሥራ ቦታው አለ። በማኅበሮቻችንም አጀንዳ የሚያዘጋጅ፣ ቃለ ጉባዔ የሚይዝ፣ መዋጮ የሚሰበስብ ሰው ሞልቷል። ይህ ማስተዳደር ይባላል፤ የሚናቅ ሥራም አይደለም። ነገር ግን ዕቅዱ ሁሉ ሲፈርስ ሰው ማንን ተከትሎ ይቀጥላል? መሪና አስተዳዳሪ የሚለዩት ያኔ ነው።

የአየርላንድ ተወላጁን አሳሽ የሰር ኧርነስት ሻክልተንን ታሪክ እንመልከት። ሻክልተን በ1914 (እ.ኤ.አ.) አንታርክቲካን ከዳር እስከ ዳር ለማቋረጥ ተነሣ። «ኢንዱራንስ» የተባለችው መርከቡ በጃንዋሪ 1915 በዌዴል ባሕር በረዶ ተያዘች፤ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ተጨፍልቃ ሰጠመች። 28 ሰዎች በሚንሳፈፍ በረዶ ላይ ቀሩ።

በዚህ ጊዜ አናጢው ሃሪ ማክኒሽ «መርከቧ ከሰጠመች ውላችንም አብሮ አብቅቷል» ብሎ ትእዛዝ አልቀበልም አለ። ሻክልተን የውሉን አንቀጽ አንብቦ ግዴታቸው ወደብ እስኪደርሱ እንደሚጸና አሳወቀ። ይህ የአስተዳዳሪ መልስ ነው፤ አስፈላጊም ነበር። ሆኖም ውል ሰውን ከቦታው ያቆየው ይሆናል እንጂ ተስፋ አይሰጠውም።

ተስፋውን የሰጠው ሌላ ነገር ነው። ሰዎቹ ሸክም እንዲቀንሱ ሲያዝ በመጀመሪያ የራሱን የወርቅ ሳንቲሞች በረዶው ላይ ጣለ። የአንዱን ባልደረባ ባንጆ ግን ይዘን እንሂድ አለ፤ ሙዚቃም ስንቅ መሆኑ ገብቶታልና። አስቸጋሪ የሚባሉትን ከራሱ ድንኳን አስጠጋ። በጀልባ ሲጓዙ ጓንቱን ለጠፋበት ሰው የራሱን ሰጥቶ ጣቶቹን ብርድ በላቸው።

በኤፕሪል 1916 ኤሌፋንት ደሴት ደረሱ። ሻክልተን አምስት ሰዎች መርጦ፣ በአንዲት ትንሽ ጀልባ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ቀዝፎና በሸራ ተጉዞ ዕርዳታ ሊጠይቅ ወደ ደቡብ ጆርጂያ ሄደ። ከአምስቱ አንዱ ያ እምቢ ባይ አናጢ ነበር። ጀልባዋን ለማዕበል ያበቃትም የማክኒሽ እጅ ነው። በደሴቱ የቀሩትን 22 ሰዎች ምክትሉ ፍራንክ ዋይልድ ያዛቸው። አለቃቸው ዛሬ ሊመጣ ይችላል እያለ በየማለዳው ጓዛቸውን ያስጠቀልላቸው ነበር። ሻክልተን ሦስት ጊዜ ሞክሮ በበረዶ ከተመለሰ በኋላ፣ በአራተኛው ሙከራ ኦገስት 30 ቀን 1916 በቺሊ መርከብ ደረሰላቸው። ሁሉም በሕይወት ነበሩ።

ሻክልተን እንከን አልባ አልነበረም። በአህጉሩ ማዶ በሮስ ባሕር በኩል ከተሰማራው ሌላው ቡድኑ ሦስት ሰዎች ሞተዋል። ያተረፋቸውን አናጢ ማክኒሽንም ለፖላር ሜዳልያ ሳያጨው ቀርቷል። ጉዞውም ያሰበውን አንድ ስንዝር አላሳካም።

ያም ሆኖ የሚያስተምረን ነገር አለ። እኛ ዘንድ ስብሰባ ላይ ተቃውሞ ያነሣ ሰው በሚቀጥለው ስብሰባ አይጠራም፤ ቀስ በቀስም ጨርሶ ይቀራል። መዝገቡ የተስተካከለ፣ አዳራሹ ግን ባዶ የሆነ ማኅበር ስንቱን አይተናል! አስተዳዳሪ የቀሩትን ይመዘግባል፤ መሪ ግን ለምን እንደቀሩ ሊጠይቅ ቤታቸው ይሄዳል። በሚቀጥለው ምርጫ እጃችንን ከማውጣታችን በፊት፣ የምንመርጠው ሰው ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ እንጠይቅ።