ሐይቅ የዋጠው ቀዳዳ፦ የፔንየር ሐይቅ አደጋና ትምህርቱ

ኅዳር 11 ቀን 1973 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 20 ቀን 1980) በአሜሪካ ሉዊዚያና ግዛት የሚገኘው የፔንየር ሐይቅ ውኃ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ተጠቃልሎ ከመሬት በታች ገባ። ለዚህ ሁሉ መነሻ የሆነው 36 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው አንድ የነዳጅ ፍለጋ ጉድጓድ ነበር። ታሪኩ ብዙ ጊዜ እንደ ተአምር ይነገራል። ለሳይንስ ተማሪ ግን ከመገረም አልፎ የሚጠየቅ ጥያቄ አለው፤ ከባልዲ አፍ ብዙም በማይሰፋ ቀዳዳ አንድ ሙሉ ሐይቅ በሰዓታት ውስጥ ሊያልቅ የቻለው እንዴት ነው? በዚህ ጽሑፋችን የአደጋውን ሂደት ከገለጽን በኋላ መልሱን በቀላል ስሌት እንፈልጋለን።

የጨው ጉልላት ምንድን ነው?

ዛሬ የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ በሚገኝበት አካባቢ ከ160 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ገደማ ጥልቀት የሌለው ባሕር ነበር። የዚህ ባሕር ውኃ በፀሐይ ሙቀት እየተነነ፣ አዲስ ውኃም እየተተካ፣ በረዥም ዘመን ወፍራም የጨው ንጣፍ ተከማቸ። በአገራችን የዳናክል ዝቅተኛ ቦታ የሚገኘውና አሞሌ ሲቆረጥበት የኖረው ጨውም የተከማቸው የቀይ ባሕር ውኃ ወደዚያ ገብቶ በመትነኑ ስለሆነ የሁለቱ አፈጣጠር ተመሳሳይ ነው።

በሉዊዚያና ግን ነገሩ በዚህ አላበቃም። ወንዞች ያመጡት አሸዋና ጭቃ በጨው ላይ በብዙ ሺህ ሜትር ውፍረት ተደረበ። የጨው እፍጋት በሜትር ኩብ 2.2 ቶን ገደማ ሲሆን በግፊት ብዛት አይለወጥም ማለት ይቻላል። በአንጻሩ ደለሉ ወደ ታች በተቀበረ መጠን እየታመቀ ስለሚሄድ ከጨው ይበልጥ ይከብዳል። ጨው ደግሞ ከፍተኛ ግፊት ለረዥም ጊዜ ሲያርፍበት ምንም እንኳ ጠጣር ቢሆን ቀስ እያለ ይፈስሳል። በዚህም ምክንያት ቀላሉ ጨው ከባዱን ደለል እየሰነጠቀ እንደ ምሰሶ ወደ ላይ ወጣ። ይህ የጨው ጉልላት ይባላል። በደቡብ ሉዊዚያና ረግረግ መካከል ጎላ ብለው የሚታዩት «አምስቱ ደሴቶች» በእንዲህ ያሉ ጉልላቶች የተገፉ ኮረብታዎች ናቸው። ከእነርሱ አንዱ የጄፈርሰን ደሴት ሲሆን የፔንየር ሐይቅ የሚገኘው ከጎኑ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ እንዲል እንፈልጋለን። ጨው ውኃም ሆነ ዘይት አያሳልፍም፤ ስለዚህ ወደ ላይ የሚጓዝ ነዳጅ ዘይት በጉልላቱ ጎን ታግዶ ይከማቻል። የጨው አምራቹና የነዳጅ ፈላጊው በአንድ ቦታ የተገናኙት በዕድል ሳይሆን በዚህ የተፈጥሮ ምክንያት ነበር። አንዱ የጉልላቱን ሆድ፣ ሌላው የጉልላቱን ጎን ይፈልጋል፤ የሁለቱን ድንበር የሚያሳየው ካርታ ብቻ ነው።

በዕለቱ የሆነው

ዳይመንድ ክሪስታል የተባለው ኩባንያ በጉልላቱ ውስጥ ጨው ያወጣ ነበር። ማዕድን ማውጫው በተለያየ ጥልቀት የተዘረጉ ደርቦች የነበሩት ሲሆን፣ ሠራተኞቹ ጨውን እየቆረጡ ሰፋፊ አዳራሾች ይከፍቱና ጣሪያውን የሚሸከሙ የጨው ዓምዶችን ሳይነኩ ይተዉ ነበር። ከበላዩ የተኛው ሐይቅ ስፋቱ 5 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ጥልቀቱ ደግሞ ወደ 3 ሜትር የሚጠጋ ነበር።

ቴክሳኮ የተባለው የነዳጅ ኩባንያ በኮንትራት ያሠማራው የቁፋሮ ቡድን ሥራውን የሚያከናውነው በዚህ ሐይቅ ላይ በቆመ መድረክ ነበር። በዚያን ዕለት ንጋት ላይ መሰርሰሪያው 375 ሜትር ገደማ በሚሆን ጥልቀት ተቀርቅሮ ቀረ። ሠራተኞቹ ሊያስለቅቁት ሲታገሉ መድረኩ መንቋቋትና ማዘንበል ስለጀመረ ጥለውት ወደ ዳር ሸሹ። ጥቂት ቆይቶም ያ ትልቅ የቁፋሮ ማማ 3 ሜትር ጥልቀት ባለው ሐይቅ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ሰጠመ።

በዚያው ሰዓት ከምድር በታች 50 ያህል ሠራተኞች ነበሩ። አንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የነዳጅ በርሜሎችን እየገፋ የሚመጣ ጭቃማ ውኃ ተመልክቶ የአደጋ ምልክት ሰጠ። መውጫው በአንድ ጊዜ ጥቂት ሰው ብቻ የሚጭን አሳንሰር ነበር። ሠራተኞቹ ግን በልምምድ በሚያውቁት ሥርዓት ተራቸውን ጠብቀው በመውጣታቸው ሁሉም ዳኑ። በሐይቁ ላይ የነበሩትም ስላመለጡ በአደጋው የጠፋ የሰው ሕይወት የለም።

ከዚያ በኋላ በሐይቁ ላይ የተፈጠረው አዙሪት ሁለተኛ የቁፋሮ መድረክ፣ 11 ጠፍጣፋ የጭነት ጀልባዎች፣ ዛፎችና 26 ሄክታር የሚያህል መሬት ዋጠ። የሐይቁን ውኃ ወደ ባሕሩ ይወስድ የነበረው የዴልካምብር ቦይ ፍሰቱ ተገልብጦ የባሕሩን ውኃ ወደ ሐይቁ ማምጣት ጀመረ። ባዶ በቀረው ጉድጓድ አፋፍም 50 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ፏፏቴ ለአጭር ጊዜ ታየ። ከማዕድን ማውጫው በውኃው የተገፋው የታመቀ አየር ደግሞ በመውጫዎቹ በኩል ውኃና ጭቃ ይዞ ወደ 120 ሜትር ከፍታ ተወነጨፈ።

ስሌቱ ምን ያስረዳናል?

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ጣሊያናዊው ቶሪቼሊ ባሳየው መሠረት፣ ከቀዳዳ የሚፈስ ውኃ ሊደርስበት የሚችለው ትልቁ ፍጥነት አንድ አካል ከዚያው ከፍታ በነጻ ሲወድቅ ከሚኖረው ፍጥነት ጋር እኩል ነው። ይኸውም የስበት ፍጥንጥነት በከፍታው ተባዝቶ እጥፍ ከሆነ በኋላ የሚገኘው ስኩዌር ሩት ነው። ለ375 ሜትር ከፍታ ውጤቱ በሰከንድ 86 ሜትር ገደማ ይሆናል። ሰበቃ ስላለ እውነተኛው ፍጥነት ከዚህ ያነሰ ቢሆንም ትልቁን እንውሰድ።

የ36 ሴንቲ ሜትር ቀዳዳ ስፋት 0.1 ካሬ ሜትር ያህል ስለሆነ በሰከንድ የሚያልፈው ውኃ 9 ሜትር ኩብ አይሞላም። ሐይቁ ደግሞ 13 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውኃ ነበረው። ይህን ለማፍሰስ የሚያስፈልገው ጊዜ 17 ቀን ገደማ ይሆናል። ሐይቁ በ10 ሰዓት አለቀ ብለን ብናስብ እንኳ ቀዳዳው በአማካይ ከ40 እጥፍ በላይ መስፋት ነበረበት። ስለዚህ ሐይቁን የዋጠው መሰርሰሪያው የከፈተው ቀዳዳ ሳይሆን ውኃው ራሱ ያሰፋው ቀዳዳ ነው።

ውኃው ይህን ያደረገው በሁለት መንገድ ነው። በመጀመሪያ በኃይል ሲወርድ ልል የሆነውን ደለል ጠርጎ ወሰደ። ሁለተኛው መንገድ ኬሚካላዊ ነው፤ አንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ጨው እስኪጠግብ ድረስ 360 ግራም ያህል ሊያሟሟ ይችላል። የሐይቁ ውኃ በሙሉ እስኪጠግብ ቢያሟሟ ኖሮ ከ4.5 ሚሊዮን ቶን በላይ ጨው በወሰደ ነበር። ይህ የመጨረሻው ጣሪያ እንጂ በተግባር የሆነው መጠን አይደለም፤ ነገር ግን ጣሪያ ተሸካሚ የነበሩት ዓምዶች ለምን እንደከዱ ያስረዳል። ቀዳዳው ሲሰፋ ብዙ ውኃ ይገባል፤ ብዙ ውኃ ሲገባ ቀዳዳው ይበልጥ ይሰፋል። ራሱን በራሱ የሚያባብስ እንዲህ ያለ ሂደት አንዴ ከተጀመረ በሰው ኃይል ማቆም እጅግ ከባድ ነው።

ይህን በተቃራኒው የሚያረጋግጥ ሌላ ክስተት በዚያው አካባቢ ተፈጽሟል። ከአምስቱ ደሴቶች አንዱ በሆነው በዊክስ ደሴት፣ የአሜሪካ መንግሥት በቀድሞ የጨው ማውጫ ውስጥ ከ70 ሚሊዮን በርሜል በላይ ድፍድፍ ነዳጅ አከማችቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1992 ከላዩ መሬት ሰርጉዶ ተገኘ፤ ምክንያቱም የከርሰ ምድር ውኃ ጨውን እያሟሟ ወደ ታች መግባቱ ነበር። ባለሙያዎቹ ጊዜ ለማግኘት ጨው የጠገበ ውኃ ወደ ስርጉዱ ጨመሩ፤ የጠገበ ውኃ ተጨማሪ ጨው አያሟሟምና። ዙሪያውን መሬትም አቀዘቀዙት። በዚህ ዘዴ ነዳጁን ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር ተቻለ። በፔንየር ያልነበረው ይህ ጊዜ ነው።

ሐይቁ ዛሬ

ማዕድን ማውጫው በውኃ ሞልቶ ግፊቱ ከተመጣጠነ በኋላ፣ ከሰጠሙት 11 ጀልባዎች ዘጠኙ ተመልሰው ተንሳፈፉ። የቀድሞው 3 ሜትር ሐይቅ ግን 60 ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ሥፍራ አገኘ። ከባሕሩ በገባው ውኃ ምክንያትም ጣፋጩ ሐይቅ ጨዋማ ሆነ፤ በውስጡ የሚኖሩት ዕፅዋትና እንስሳትም ተለወጡ። የጨው ማውጫው እ.ኤ.አ. በ1986 ተዘጋ። ቴክሳኮና የቁፋሮ ተቋራጩ ለጨው ኩባንያው 32 ሚሊዮን ዶላር፣ በዳርቻው ለነበረው የአትክልት ሥፍራ ደግሞ 12.8 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ከፍለዋል።

ስሕተቱ ከየት መጣ? የአሜሪካ የማዕድን ደኅንነት መሥሪያ ቤት ያደረገው ምርመራ ተጠያቂውን በእርግጠኝነት ሊለይ አልቻለም፤ ማስረጃው መድረኩም ጉድጓዱም ጠፍተዋልና። በሰፊው የሚጠቀሰው ማብራሪያ በካርታ ላይ የቦታ መለኪያ ቁጥሮች ሲነበቡ መደባለቅ ተፈጥሯል የሚል ነው። አንድን ነጥብ በቁጥር የምንገልጽበት ዘዴ ከአንድ በላይ ስለሆነ፣ ቁጥሩ በየትኛው ዘዴ እንደተሰጠ ካልተገለጸ ትክክለኛ ቁጥር ወደ ተሳሳተ ቦታ ሊመራ ይችላል።

ተማሪዎች በመልሳቸው ላይ አሃዱን ሳይጽፉ ሲቀሩ መምህራን ነጥብ የሚቀንሱት ለዚህ ነው። በፔንየር ሐይቅ ሥር የነበሩት 50 ያህል ሰዎች ነፍስ የተንጠለጠለው በትንሽ የቦታ ልዩነት ላይ ነበር፤ ያዳናቸውም የአንድ ሠራተኛ ንቃትና አስቀድሞ የተደረገ ልምምድ ነው።