ሁሉም ጨጓራ አይደለም

ከደረቱ ሥር ያመመው ሰው በእኛ ከተሞች ሐኪም ዘንድ ሳይደርስ ምርመራው ያልቃል። የሥራ ባልደረባው «ጨጓራ ነው» ይለዋል፤ ጎረቤት ተልባ በጥብጣ ታቀርባለች፤ መድኃኒት ቤቱ ኦሜፕራዞል ይሸጥለታል፤ በርበሬና ቡና ለጥቂት ሳምንት ይታገዳሉ። ሕመሙ ከቀለለ ጨጓራ መሆኑ ተረጋገጠ ይባላል። ካልቀለለ ደግሞ «ጨጓራው ጠንቶበታል» ይባላል። በሁለቱም መንገድ ተከሳሹ ጨጓራ ነው፤ ነጻ የሚወጣበት ፍርድ የለም።

እውነት ለመናገር ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው እሱው ነው። ግን በዚያው ሆድ ዕቃ ውስጥ ጉበት፣ ሐሞት ከረጢት፣ ቆሽት፣ ጣፊያ፣ ኩላሊት፣ በሴቶች ማህፀንና እንቁልጢ፣ ብዙ ሜትር የሚረዝም አንጀትም አለ። እነዚህ ሁሉ ሲታመሙ ድምፃቸው የሚሰማው በጥቂት ቦታዎች ነው። ምክንያቱ የነርቮቻቸው አዘረጋግ ነው።

ጣታችንን እሾህ ቢወጋን ዓይናችንን ጨፍነን እንኳ ቦታውን አንስተውም። አንጀት እንዲህ ያለ የነርቭ ሀብት አልታደለም። ጤነኛ አንጀት ቢቆረጥ ወይም ቢተኮስ ባለቤቱ ላይሰማው ይችላል፤ ሲነፋና ሲለጠጥ፣ ደም ሲያጥረው ወይም ሲቆጣ ግን ያንገበግባል። ወሬውን ወደ አከርካሪ የሚያደርሱት ነርቮች ጥቂት ናቸው፤ ከቀኝም ከግራም ስለሚገቡ አንጎል ሕመሙን መሀል ላይ ያስቀምጠዋል። ጽንሱ ማህፀን ውስጥ ሳለ ጠቅላላው የምግብ ቧንቧ ሦስት ክፍል ነበረው፤ እያንዳንዱም የራሱ የደም ሥርና የራሱ ነርቭ ነበረው። ያ ክፍፍል ዕድሜ ልክ ይቆያል። ጨጓራ፣ ጉበት፣ ሐሞትና ቆሽት ከደረት አጥንት ሥር ያማሉ። ቀጭኑ አንጀትና ትርፍ አንጀት በእምብርት ዙሪያ፣ የትልቁ አንጀት መጨረሻ ደግሞ ከእምብርት በታች። ስለዚህ «እዚህ ጋ ያመኛል» ብሎ ከደረቱ ሥር እጁን የሚያሳርፍ ሰው ቢያንስ አራት ተጠርጣሪ ይዞ መጥቷል።

ትርፍ አንጀት ይህን አዘረጋግ በግልጽ ያሳያል። መጀመሪያ ላይ ሕመሙ እምብርት ዙሪያ ነው፤ በሽተኛው በአንድ ጣት ማሳየት ስለማይችል መዳፉን ሆዱ ላይ ያዞራል። ምግብ ያስጠላዋል፣ ያቅለሸልሸዋል። አብዛኛው ሰው በዚህ ሰዓት ምሳውን ይወቅሳል። ከሰዓታት በኋላ ቁጣው ወደ ሆድ ግድግዳ ውስጠኛ ሽፋን ሲደርስ ነገሩ ይለወጣል፤ ያ ሽፋን እንደ ቆዳ ቦታውን ለይቶ የሚናገር ነርቭ አለው። ሕመሙ ወደ ቀኝ ታችኛው ሆድ ወርዶ ይተከላል። ሰውዬው ጎንበስ ብሎ መራመድ ይጀምራል፤ ሲያስል ይጨብጠዋል። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የእንግሊዝ ጥናት በሽተኞቹን ወደ ሆስፒታል ሲመጡ መኪናው የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ሲዘል ሕመሙ ብሶ እንደሆነ ጠይቋቸው ነበር። በጉብታ ላይ ካለፉትና ትርፍ አንጀታቸው መቆጣቱ ከተረጋገጠው 34 ሰዎች 33ቱ «አዎ» አሉ። የአዲስ አበባን ታክሲ ለሚሳፈር ሰው ጥያቄው በነጻ የተገኘ ምርመራ ነው።

የኩላሊት ጠጠር ጠባይ ሌላ ነው። ከወገብ ተነስቶ ወደ ብሽሽት ይወርዳል፤ በሽተኛው አልጋ ላይ አይረጋም፣ ይነሳል፣ ይንጎራደዳል፣ ተመልሶ ይጋደማል። የሆድ ግድግዳው ሽፋን የተቆጣበት ግን ንቅንቅ አይልም። ልምድ ያለው ሐኪም እጁን ከመዘርጋቱ በፊት ይህን ከበር ላይ ያያል። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ዛካሪ ኮፕ በ1921 ስለ ድንገተኛ የሆድ ሕመም መጽሐፍ ሲጽፍ ዋናው ትምህርቱ ይኸው ነበር፤ ጠይቅ፣ ተመልከት፣ ዳስስ። ያንኑ ትምህርት ተማሪዎች በቃላቸው እንዲይዙት በ1947 በግጥም አሳትሞታል። ቅኔ ለሚወድ አገር ደስ የሚል ወሬ ነው።

የሐሞት ከረጢት ጠጠር በእኛ ዘንድ በጨጓራ ስም ከሚኖሩት ሕመሞች አንዱ ይመስለኛል። ከረጢቱ ቅባት ሲመጣ ይጨመቃል፤ ጠጠር አፉ ላይ ከተሰነቀረ ከደረት ሥር ወይም ከቀኝ ጎድን ሥር ጠንካራ ሕመም ይመጣል፤ ከግማሽ ሰዓት በላይ፣ አንዳንዴም ለሰዓታት ይቆያል፤ ወደ ቀኝ ትከሻ አጥንት ይሻገራል። ጾሙን በዶሮ ወጥና በክትፎ የፈታ ሰው በዚያው ማታ ሲያመው «ጨጓራዬ ተነሳ» ይላል። በየበዓሉ የሚነሳ «ጨጓራ» አንድ ጊዜ በአልትራሳውንድ ቢታይ መልካም ነው።

ወደ ራሱ ወደ ጨጓራ ስንመጣ፣ በርበሬ ቁስል እንደማይፈጥር ቢታወቅ ጥሩ ነው፤ ያለውን ሊያቃጥል ይችላል እንጂ። ቁስልን በብዛት የሚያመጡት ሁለት ናቸው፤ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያና እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች። እስከ 1980ዎቹ ድረስ ግን ቁስል የጭንቀትና የአሲድ ውጤት ነው ተብሎ ይታመን ነበር። በአውስትራሊያ ፐርዝ ከተማ ሮቢን ዋረን የተባለ የፓቶሎጂ ሐኪም በ1979 ከጨጓራ በተወሰደ ናሙና ላይ ጠመዝማዛ ባክቴሪያ አየ። ወጣቱ ባሪ ማርሻል አብሮት ሆኖ ባክቴሪያውን በላቦራቶሪ ለማብቀል ብዙ ደከመ፣ አልሆነም። በ1982 የፋሲካ በዓል ስለሆነ ናሙናው ከተለመደው 2 ቀን አልፎ ሲቆይ በቀለ። ያመናቸው ሰው ጥቂት ነበርና በ1984 ማርሻል ባክቴሪያውን ራሱ ጠጣው፤ ማቅለሽለሽና ማስመለስ ጀመረው፤ በ10ኛው ቀን ገደማ በኢንዶስኮፒ ሲታይ ጨጓራው ተቆጥቶ ተገኘ። በ2005 ሁለቱ የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ታሪኩ ያምራል፤ ከዚያ የወጣው ልማድ ግን ሁልጊዜ አያምርም። ባክቴሪያው በዓለም ሕዝብ ግማሽ ያህል ሆድ ውስጥ እንዳለ ይገመታል፤ አብዛኛው ተሸካሚ ምንም አይሰማውም። «ባክቴሪያ ተገኝቶብሃል» ማለት «ያመመህ እሱ ነው» ማለት አይደለም። በደም የሚሠራው ምርመራ ሰውነት አንድ ጊዜ ባክቴሪያውን ማወቁን ይናገራል እንጂ ዛሬ መኖር አለመኖሩን አይለይም፤ ድኖም ፖዘቲቭ ይላል። አሁን መኖሩን የሚያሳየው የሰገራ አንቲጅን ወይም የትንፋሽ ምርመራ ነው። እሱም ኦሜፕራዞል ከቆመ 2 ሳምንት፣ አንቲባዮቲክ ካለቀ ደግሞ 4 ሳምንት ካልሞላው ባክቴሪያው እያለ «የለም» ሊል ይችላል። ስንቱ ሰው ኦሜፕራዞሉን እየዋጠ ሰገራ ሰጥቶ «ነጻ ነህ» ተብሎ ተመልሶ ይሆን።

ከታይፎይድም ጋር ተመሳሳይ ችግር አለ። በየክሊኒኩ የሚሠራው የዊዳል ምርመራ በ1896 የተፈለሰፈ ነው፤ የሚፈልገው ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነት የሠራውን መከላከያ ነው። የድሮ ሕመምም ሌላ ኢንፌክሽንም ፖዘቲቭ ሊያደርገው ይችላል። በዚህ አንድ ወረቀት ብቻ በየሦስት ወሩ «ታይፎይድ» የሚታከም ሰው የሆዱ ሕመም ምንጭ ሌላ መሆኑን መጠርጠር አለበት። ጃርድያና አሜባ በሰገራ ይታያሉ፤ ኮሶ በአብዛኛው ብዙ አያምም፣ ራሱን የሚያጋልጠው ከሰገራ ጋር በሚወጣው ቁራጩ ነው። ወስፋት እስከ 35 ሴንቲ ሜትር ስለሚረዝም በልጆች አንጀት ውስጥ ተጠቅልሎ መንገድ ሊዘጋ፣ አልፎ አልፎም ወደ ሐሞት ቱቦ ሊገባ ይችላል። ከሳምንታት ሕመም ጋር ክብደት የሚቀንስ፣ ማታ ማታ የሚያልበው፣ ሆዱ ውኃ የሚቋጥር ሰው ከሆነ የሆድ ቲቢ ይታሰባል።

አሁን ብዙዎች፣ ሐኪሞችም ጭምር፣ ወደሚረሱት ቦታ እንሂድ። ሕመሙ ከሆድ ዕቃ ሳይሆን ከሆድ ግድግዳው ሊሆን ይችላል። ከእምብርት ግራና ቀኝ ቁልቁል በሚወርደው ጡንቻ ውስጥ የሚያልፉ ነርቮች ወደ ቆዳ ለመውጣት በጠባብ ቀዳዳ በኩል ወደ ፊት ይታጠፋሉ፤ እዚያ ላይ አንዱ ሲጨመቅ ለወራት የሚቆይ ሕመም ይፈጥራል። ኢንዶስኮፒ አያየውም፣ አልትራሳውንድ አያየውም፣ ደምም ንጹሕ ነው። የሚያገኘው ጣት ነው። በሽተኛዋ በጀርባዋ ትተኛለች፤ ሐኪሙ የሚያማትን ቦታ በአንድ ጣት ይፈልጋል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሳንቲም ስፋት እንኳ የለውም። ጣቱን ሳያነሳ «እጅሽን ደረትሽ ላይ አጣምረሽ ራስሽንና ትከሻሽን ቀና አድርጊ» ይላታል። የሆድ ጡንቻው ሲወጠር ከሥሩ ያለውን የሆድ ዕቃ ይከልላል፤ ስለዚህ ሕመሙ ከውስጥ ከነበረ ይቀንሳል። ከግድግዳው ከሆነ ግን ይብሳል፤ «እሱ ነው!» ትላለች። የፊላደልፊያው ቀዶ ሐኪም ጆን ካርኔት ይህን በ1926 ጽፎታል። በዚያች ነጥብ ላይ ማደንዘዣ መርፌ ሲወጋና ሕመሙ በደቂቃዎች ውስጥ ሲጠፋ፣ የወራት ምርመራ ያልመለሰው ጥያቄ በአንድ አልጋ ላይ ተመለሰ ማለት ነው። ምንም የማያስወጣ ምርመራ ስለሆነ ይሆን የተረሳው?

ከሆድ ውጭ ያሉትም ይመጣሉ። አልማዝ ባለጭራ ሽፍታው ከመውጣቱ በፊት ለቀናት በአንድ ጎን ያቃጥላል። በልጆች ላይ የሳንባ ምች «ሆዴን» አሰኝቶ ያስለቅሳል። ሲጠማውና ሽንት ሲያበዛ ከርሞ ሆዱን አሞት የሚያስመልስ ወጣት ስኳሩ ይለካ። ዕድሜው የገፋ፣ ስኳር ወይም የደም ግፊት ያለበት ሰው ድንገት ከደረቱ ሥር አሞት ላብ ካጠመቀው የሚቀድመው የልብ ምርመራ ነው፤ ሃርት አታክ በጨጓራ ስም ሰው ይገድላል።

ሴቶች ላይ ደግሞ የወር አበባ ቀኑ ሳይጠየቅ የሚሰጥ ምክር ምክር አይደለም። የወር አበባዋ ቀርቶባት የታችኛው ሆዷን ያመማትና ያዞራት ሴት ከማህፀን ውጭ እርግዝና ሊሆንባት ይችላል፤ ይህ የሰዓታት ጉዳይ ነው። በየወሩ እየመጣ ከሥራና ከትምህርት የሚያስቀር ሕመምም «የሴት ነገር ነው» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ኢንዶሜትሪዮሲስ በዚህ አባባል ተሸፍኖ ዓመታት ይቆያል።

ሆዱ ድንገት ተነፍቶ ፈስም ሰገራም እምቢ ያለው ሰው አንጀቱ ተጠማዞ ሊሆን ይችላል፤ የእኛ አገር ቀዶ ሐኪሞች ይህን በደንብ ያውቁታል። ጥቁር ሬንጅ የመሰለ ሰገራ፣ ደም ማስመለስ፣ ዓይን ቢጫ መሆን፣ እንደ እንጨት የደረቀ ሆድ፣ እነዚህም ለነገ አያድሩም።

ይህ ሁሉ ታይቶ ምንም ያልተገኘባቸው ብዙ ሰዎች ይቀራሉ። «ምንም የለብህም» የሚለው መልስ ያናድዳቸዋል፣ እውነታቸውንም ነው። አንጀት በግድግዳው ውስጥ ከ100 ሚሊዮን በላይ የነርቭ ሕዋሳት አሉት፤ ከአንጎል ጋር ሌት ተቀን ይነጋገራሉ። ከከባድ ተቅማጥ ወይም ከረጅም ጭንቀት በኋላ እነዚህ ነርቮች ሊነቁና ተራውን የአንጀት እንቅስቃሴ እንደ ሕመም ሊያስተላልፉ ይችላሉ። ሕመሙ ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን ከመጣ፣ ከሰገራ ጋር ከተያያዘና የሰገራው ጠባይ ከተለወጠ፣ ለወራትም ከዘለቀ ስም አለው፤ ቁጡ አንጀት ይባላል። ሕክምናም አለው። ሐኪሙ አሚትሪፕቲሊን ሲያዝ ብዙ ሰው መድኃኒቱ ለድብርት መሆኑን ከወረቀቱ አንብቦ «እብድ አደረገኝ» ብሎ ይተወዋል። በ2023 የታተመው የእንግሊዝ ጥናት በ463 የቁጡ አንጀት በሽተኞች ላይ የሞከረው መጠን ማታ ማታ ከ10 እስከ 30 ሚሊ ግራም ነበር፤ ለድብርት ከሚሰጠው እጅግ ያነሰ ነው። ከ6 ወር በኋላ መድኃኒቱን የወሰዱት ባዶ ክኒን ከወሰዱት ይልቅ ሆዳቸው ተሽሏቸው ተገኘ።