የሰሜን ደገኞች ደምና የደም ማነስ መለኪያ

ከደባርቅ ተነሥቶ ወደ ሳንቃበር የሚያቀናው መንገድ ቡይት ራስ ሲደርስ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትርን ተሻግሯል። ከዚያ በላይ ባሉት የሰሜን ተራሮች መንደሮች ከቆላ የመጣ እንግዳ ጥቂት ተራምዶ ልቡ ይመታል፤ ራሱን ያመዋል። የአገሬው ገበሬ ግን ገብሱን ተሸክሞ ያንኑ ዳገት ይወጣዋል። ይህ የልማድ ውጤት ብቻ ነውን? ወይስ በደሙ ውስጥ የተለየ ነገር አለ? ጥያቄው ለተመራማሪዎች ብቻ የሚተው አይደለም። በጤና ጣቢያ ተመርምራ «የደም ማነስ አለብሽ» የምትባለውን እናት በቀጥታ ይመለከታል።

ብዙ ሰው በተራራ ላይ የኦክስጅን መቶኛ የሚቀንስ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም፤ በባሕር ዳርቻም ሆነ በራስ ዳሽን ጫፍ ከአየሩ 21 በመቶ ያህሉ ኦክስጅን ነው። የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው። በ3,500 ሜትር ገደማ ግፊቱ በባሕር ጠለል ላይ ካለው ወደ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ስለሚወርድ፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ወደ ሳንባ የሚገባው ኦክስጅን በዚያው ልክ ያንሳል። በዚህ ጊዜ የእንግዳው ኩላሊት ኤሪትሮፖይቲን የተባለውን ሆርሞን በብዛት ያመነጫል። ሆርሞኑ መቅኔን አነሣሥቶ ቀይ የደም ሴሎችን ያበዛል፤ ኦክስጅን ተሸካሚው ሄሞግሎቢንም ከፍ ይላል።

በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ነዋሪዎች ዘላቂ መፍትሔ ይኸው ሆኖ ተገኝቷል፤ በ4,000 ሜትር አካባቢ የወንዶቹ ሄሞግሎቢን በአማካይ ወደ 19 ግራም በዴሲሊትር ይደርሳል። ዋጋው ግን ቀላል አይደለም፤ የወፈረ ደም ለመዘዋወር ስለሚከብድ አንዳንዶቹን ለማያቋርጥ የተራራ ሕመም ይዳርጋቸዋል። የቲቤት ሰዎች በአንጻሩ ሄሞግሎቢናቸው እምብዛም ሳይጨምር፣ በኦክስጅን የተሞላው የሄሞግሎቢናቸው ድርሻ ዝቅ ብሎ ይኖራሉ።

እ.ኤ.አ. በ2002 ሦስተኛ መንገድ እንዳለ ተነገረ። የኬዝ ዌስተርን ሪዘርቭ ዩኒቨርሲቲዋ ሲንቲያ ቢል፣ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ሐኪም ከአምሃ ገብረመድኅንና ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር በሰሜን ተራሮች፣ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ሰዎችን መርምረው ነበር። የብረት ማዕድን እጥረት፣ የሄሞግሎቢን ሕመምና የቆየ ብግነት ያልታየባቸው 236 ሰዎች ውጤት ሲሰላ፣ አማካይ ሄሞግሎቢን ለወንዶች 15.9፣ ለሴቶች 15.0 ግራም በዴሲሊትር ሆነ። የኦክስጅን ሙሌታቸውም 95.3 በመቶ ነበር። የሴቶቹ አኃዝ በባሕር ጠለል ከሚታየው አማካይ ከፍ ቢልም ከመደበኛው ወሰን አልወጣም። ባጭሩ የእነዚህ ሰዎች ደም በባሕር ዳርቻ የሚኖር ሰው ደም ይመስላል።

እዚህ ላይ አንባቢ እርሳስ ያንሣ። የዓለም ጤና ድርጅት ነፍሰ ጡር ያልሆነች ሴት ሄሞግሎቢኗ ከ12 በታች ሲሆን፣ ወንድ ደግሞ ከ13 በታች ሲሆን የደም ማነስ አለበት ይላል። ከፍታ ደምን ስለሚያበዛ ይህ ወሰን ለደጋ ነዋሪ ከፍ ይደረጋል፤ ለረጅም ዓመታት ባገለገለው ሠንጠረዥ መሠረት በ3,500 ሜትር የሚጨመረው 2.7 ነበር። እንግዲህ ለሰሜን ሴት ወሰኑ 14.7፣ ለወንዱ 15.7 ይሆናል ማለት ነው። ከላይ የተጠቀሱት የጤናማዎቹ አማካዮች ግን 15.0 እና 15.9 ናቸው! አማካዩ ከወሰኑ ይህን ያህል ከተጠጋ፣ ብረት ያልጎደላቸው ሰዎች ወደ ግማሽ የሚጠጉት በወረቀት ላይ ሕሙማን ሊሆኑ ነው። ሠንጠረዡ እ.ኤ.አ. በ2024 ቢከለስም፣ ለዓለም ደገኞች ሁሉ አንድ ዓይነት ቀመር መጠቀሙን አልተወም።

ታዲያ ጭማሪውን ጨርሶ መተው ይበጃልን? ይህም አያዋጣም። ተፈጥሯዊ መጠኗ 15 የሆነ ሴት በብረት እጥረት ወደ 12.5 ብትወርድ፣ ባልተስተካከለው ወሰን ጤነኛ ተብላ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ተገቢው መንገድ በየአካባቢው ጤናማ ሰዎችን መርምሮ የራስን ወሰን ማውጣት፣ ከሄሞግሎቢኑም ጎን በአካል የተከማቸውን ብረት የሚያመለክተውን ፌሪቲን መለካት ነው። ወጪው ቀላል አይደለም፤ የፌሪቲን ምርመራ በገጠር ጤና ጣቢያ የሚገኝ ነገር አይደለምና።

ለአገር በሙሉ አንድ ወሰን ማውጣትም አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት የሰሜን አማሮችንና የባሌ ኦሮሞዎችን ሲያነጻጽር፣ የባሌዎቹ ሄሞግሎቢን ከሰሜኖቹ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ተመራማሪዎቹ ልዩነቱን ሁለቱ ሕዝቦች በከፍታው ላይ ከኖሩበት ዘመን ርዝመት ጋር ያያይዙታል፤ የመጀመሪያውን ቢያንስ 5,000፣ የሁለተኛውን 500 ዓመት ያህል ይገምቱታል። ይኸው ጥናት የቲቤቶችን ሄሞግሎቢን የሚወስኑት የዘረ መል ልዩነቶች በኢትዮጵያውያን ላይ ተመሳሳይ ሚና እንደሌላቸው አሳይቷል። በደገኞችና በቆለኞች መካከል ጎልተው የወጡት ልዩነቶች ደግሞ፣ ያልተጠበቀ ነበርና፣ በሽታን ከመከላከል ጋር የተያያዙ ሆኑ። ደጋና ቆላ የሚለያዩት በአየር ብቻ ሳይሆን በወባም ጭምር መሆኑን ያስታውሷል።

በ2013 ግን ሌላ ቡድን ቢኤችኤልኤችኢ41 በተባለ ዘረ መል ላይ የተፈጥሮ ምርጫ አሻራ አገኘ። ይህ ዘረ መል ሂፍ ከተሰኘው ፕሮቲን ጋር ይሠራል። ሂፍ ኦክስጅን ሲያንስ በሴል ውስጥ ተከማችቶ የኤሪትሮፖይቲንን ምርት የሚያስጀምር ነው፤ አሠራሩን የገለጡት ኬሊን፣ ራትክሊፍና ሴመንዛ እ.ኤ.አ. በ2019 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ሂፍ እንዳይፈርስ በማድረግ የኩላሊት ሕሙማንን ደም ማነስ የሚያክመው ሮክሳዱስታት የተባለ መድኃኒትም ከ2018 ጀምሮ በቻይና ተፈቅዷል። ሳይጨምር በቂ የሆነ ደም እንዴት እንደሚኖር ከሰሜን ደገኞች መማር ለሕክምናው ዓለም ጥቅሙ ከዚህ ይገመታል።

ምርምሩ የሚካሄድበት ሁኔታም እየተለወጠ ነው። በብሔራዊ ፓርኩ ውስጥ፣ ከ3,500 ሜትር በላይ ይኖሩ የነበሩት የግጭ መንደር ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። ወላጆቹ ያደጉት በከፍታው ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተወለዱት ልጆች ግን የሚያድጉት ከዚያ ብዙ መቶ ሜትሮች ዝቅ ብሎ ነው። የወላጆቹ ደም ከዘር የወረሱት ነው ወይስ በከፍታው በማደጋቸው ያገኙት? እነዚህ ልጆች አድገው ደማቸው ከወላጆቻቸው ጋር ሲነጻጸር ለዚህ ጥያቄ በላቦራቶሪ ሊዘጋጅ የማይችል ማስረጃ ይሰጣል። ለንጽጽሩ ግን የወላጆቹ ልኬት አሁኑኑ ተመዝግቦ መቆየት አለበት።