የሰው ፕሮቲን ከሰው አካል ውጭ

ሪኮምቢናንት የሰው ፕሮቲን የሚባለው የሰውን ጂን በባክቴሪያ፣ በእርሾ ወይም በቤተ ሙከራ በሚራቡ የእንስሳትና የሰው ሴሎች ውስጥ አስገብቶ የሚመረት ፕሮቲን ነው። ቀድሞ ተመራማሪዎች ፕሮቲኑን ከሰው ደምና ሕብረ ሕዋስ አጣርተው ለማውጣት ይገደዱ ነበር። ብዙ ጊዜ የሚገኘው መጠን ጥቂት ነው፤ ወጪው ይበዛል፤ ከለጋሹ ቫይረስ ተከትሎ ሊመጣም ይችላል።

መንገዱ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1973 ስታንሊ ኮኸንና ኸርበርት ቦየር የባዕድ ጂን በባክቴሪያ ውስጥ ማራባት እንደሚቻል ባሳዩ ጊዜ ነው። በ1977 ሶማቶስታቲን የተባለው የሰው ሆርሞን፣ በ1978 ደግሞ የሰው ኢንሱሊን ኢ. ኮላይ በተባለው ባክቴሪያ ተመረቱ። ኢንሱሊኑ በ1982 በአሜሪካ ለሕክምና ተፈቀደ። ለምርምር ብቻ የሚመረቱት ሪኮምቢናንት ፕሮቲኖች ግን በመድኃኒትነት ከተፈቀዱት በቁጥር እጅግ ይበልጣሉ።

አመራረቱ ደረጃ አለው። የተፈለገው ጂን ፕላዝሚድ በሚባል ክብ ዲኤንኤ ላይ ይቀጠላል፤ ብዙ ጊዜም ፕሮቲኑ ጫፍ ላይ ስድስት ሂስቲዲን የሚባሉ አሚኖ አሲዶች እንዲኖሩት ይደረጋል። ፕላዝሚዱ የገባባቸው ሴሎች ሲራቡ ፕሮቲኑን ያመርታሉ። ከዚያ የሴሎቹ ጭማቂ ኒኬል ባለበት ቱቦ ውስጥ ያልፋል። ሂስቲዲን ኒኬልን ስለሚይዝ የተፈለገው ፕሮቲን እዚያው ሲቀር ሌላው ታጥቦ ይወርዳል። ንጽሕናው በጄል ላይ በኤሌክትሪክ ተፈትኖ ከተረጋገጠ በኋላ ፕሮቲኑ በረዶ ሆኖ ይደርቅና በብልቃጥ ይታሸጋል። በአንድ ብልቃጥ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ በማይክሮግራም የሚለካ ነጭ ዱቄት ነው። የፕሮቲን ሥራ በቅርጹ ላይ ይመሠረታል፤ የተቀቀለ እንቁላል ወደ ጥሬነቱ እንደማይመለስ ሁሉ ቅርጹ የተበላሸ ፕሮቲንም ብዙ ጊዜ አይመለስም። ለዚህ ነው በጥልቅ ቅዝቃዜ የሚቀመጠው።

ለኢትዮጵያ የዚህ ሥራ ትርጉም ጎልቶ የሚታየው በወባ ምርምር ነው። ከድሬዳዋ ከተማ እስከ ገጠሩ ቢዮ አዋሌ ባሉት የአስተዳደሩ ቀበሌዎች ወባ የታወቀ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በከተማዋ የተነሳው ወረርሽኝ አኖፊለስ ስቴፈንሲ ከተባለችው አዲስ መጤ ትንኝ ጋር መያያዙን የአርማወር ሃንሰን ምርምር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች አሳይተዋል። ወረርሽኙ በዋናነት ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተሕዋስ ያመጣው ነበር፤ ትንኟ ግን ቫይቫክስ የተባለውን ሌላ የወባ ተሕዋስም ታስተላልፋለች።

ቫይቫክስ ለተመራማሪ አስቸጋሪ ነው። ፋልሲፓረምን በቤተ ሙከራ ለረጅም ጊዜ ማራባት ሲቻል ቫይቫክስን እንዲህ ማድረግ አልተቻለም። ስለዚህ ጥገኛ ተሕዋሱ ወደ ቀይ የደም ሴል የሚገባባቸው ፕሮቲኖች ለየብቻ ተመርተው ይጠናሉ። አንዱ የዳፊ ፕሮቲን ነው። ሉዊስ ሚለርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1976 ዳፊ በቀይ የደም ሴላቸው ላይ የሌላቸው ሰዎች ቫይቫክስን እንደሚቋቋሙ አሳዩ። በምዕራብ አፍሪካ አብዛኛው ሰው ዳፊ የለውም፤ በኢትዮጵያ ያላቸውና የሌላቸው አብረው ይኖራሉ። በኋላ በተደረጉ ጥናቶች ዳፊ በሌላቸው ኢትዮጵያውያን ደም ውስጥም ቫይቫክስ ተገኝቷል። ሌላው ትራንስፌሪን ሪሴፕተር 1 ነው። ሥራው ብረትን ወደ ሴል ማስገባት ሲሆን ከመቅኔ በወጡ ለጋ ቀይ ሴሎች ላይ በብዛት ይገኛል። ቫይቫክስ እነዚህን ለጋ ሴሎች የሚመርጥበትን ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2018 የወጡ ጥናቶች ከዚህ ፕሮቲን ጋር አያይዘውታል።

ፕሮቲኑ የተመረተበት ሴል ውጤቱን ይለውጣል። ዳፊ የሴሉን ሽፋን ሰባት ጊዜ እየሰነጠቀ ስለሚያልፍ ሙሉውን አውጥቶ መያዝ ይከብዳል፤ ተመራማሪዎች በሴሉ ውጭ የሚታየውን ወደ 60 አሚኖ አሲድ የሚሆን ጫፍ ብቻ ያመርታሉ። በዚህ ጫፍ 41ኛው አሚኖ አሲድ ላይ ሰልፌት ይጨመርበታል፤ ያለ ሰልፌቱ ተሕዋሱ በደንብ አይጣበቅም። ኢ. ኮላይ በተፈጥሮው ይህን ሰልፌት አይጨምርም፤ የሰው ሴል ይጨምራል። ስለዚህ ምርቱ እንደ ኩላሊት ሴል ካለ የሰው ሴል የተገኘ መሆን አለመሆኑን ሳያዩ መጠቀም ሙከራውን ከንቱ ሊያደርግ ይችላል።

በተለመደ ፍተሻ የዳፊ ጫፍ በትንንሽ ጉድጓዶች ባሉት ሳህን ላይ ይለጠፋል። ከዚያ ወባ ታሞ ከዳነ ሰው የተወሰደ የደም ፈሳሽ ከተሕዋሱ ሪኮምቢናንት ፕሮቲን ጋር ተቀላቅሎ ይፈስበታል። በደም ፈሳሹ ውስጥ ያለው ፀረ እንግዳ አካል መጣበቁን ከከለከለ የሚሰጠው ቀለም ይደበዝዛል። የቫይቫክስ ክትባት ሙከራዎች የሚመዘኑት በእንዲህ ያለ ፍተሻም ነው።

ለወባ ጥናት የሚመረቱት እነዚህ የሰው ፕሮቲኖች ለምርምር ብቻ እንጂ ለሰው የሚሰጡ አይደሉም። ለቫይቫክስ የተፈቀደ ክትባት እስካሁን የለም፤ ተሕዋሱ በጉበት ተደብቆ ከወራት በኋላም ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ ትኩሳት ያለበት ሰው ደሙን ይመርመር፤ ቫይቫክስ ከተገኘበት የታዘዘለትን መድኃኒት ሳያቋርጥ ይጨርስ።