ኢንተርኔት ሲጠፋ የማይጠፋ ገጽ

ዲጋ ቤታችሁ ተቀምጣችሁ በስልካችሁ አንድ ድረ ገጽ ከፈታችሁ እንበል። ገጹ ያለው የት ነው? ብዙ ጊዜ ውጭ አገር ባለ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ጥያቄያችሁ እዚያ ድረስ ሄዶ መልስ ይዞ ይመለሳል። መንገዱ ከተዘጋ ገጹም የለም። በ2012 ዓ.ም. በወለጋ ዞኖች ኢንተርኔት ለሦስት ወር ያህል ሲቋረጥ የሆነው ይኸው ነው።

ታዲያ የጻፋችሁትን የጎረቤት ልጅ እንዲያነበው የግድ ባሕር መሻገር አለበት? የለበትም!

ሰርቨር ማለት

ስሙ ይከብዳል እንጂ ሥራው ቀላል ነው። ልክ እንደ ባለሱቅ ጥያቄ ይጠብቃል፤ ሲጠየቅ ፋይሉን ከመደርደሪያው አውርዶ ይሰጣል። ለዚህ አሮጌ አንድሮይድ ስልክ ይበቃል። እንዲያውም ባትሪ ስላለው መብራት ሲጠፋ ወዲያው አይዘጋም።

እንሞክረው

1. ኢንተርኔት እያለ ስልኩ ላይ የዌብ ሰርቨር መተግበሪያ ጫኑ።
2. ጽሑፋችሁን በአማርኛም ሆነ በአፋን ኦሮሞ በኤችቲኤምኤል ፋይል አዘጋጁና ለብቻው ፎልደር ውስጥ አስቀምጡ። መተግበሪያው ያንን ፎልደር ብቻ እንዲያሳይ አድርጉ። የግል ፎቶ እዚያ አይግባ!
3. ሆትስፖት በፓስዎርድ ክፈቱ። የዳታ ጥቅል አያስፈልግም።
4. ጓደኛችሁ በዋይፋይ ይገናኝና መተግበሪያው የሚሰጣችሁን አድራሻ ብራውዘሩ ላይ ይጻፍ። ለምሳሌ 192.168.43.1:8080 ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ቤቱን፣ 8080 ደግሞ በሩን ይጠቁማል።

ገጹ ተከፈተ? አንድም ባይት ከግቢያችሁ አልወጣም።

አዲስ አበባ ያለ ሰውስ?

እሱ አያየውም። በ192.168 የሚጀምር አድራሻ የግቢ ውስጥ አድራሻ ነው፤ ያው ቁጥር በሌላውም ሰው ቤት አለ። በተለመደው የአይፒ አሠራር በዓለም ያሉት አድራሻዎች 4.3 ቢሊዮን ገደማ ብቻ ስለሆኑ፣ ከውጭ የሚታየውን አንድ አድራሻ ብዙ ደንበኞች ይጋሩታል። ስለዚህ ከሩቅ የመጣ ጥያቄ የእናንተን ስልክ ለይቶ አያገኘውም። ሩቅ ላለ አንባቢ ቅጂውን የኪራይ ሰርቨር ላይ ጫኑ፤ ዋናው ግን እናንተ ጋ ይቅር።

እውነቱን ለመናገር፣ ይህች ስልክ የተቋረጠ ኢንተርኔትን አትተካም፤ ሩቅ ካለ ዘመድም አታገናኝም። የምትደርሰው ጥቂት አሥር ሜትሮች ብቻ ነው። ግን አንድ ክፍል ተማሪ ተራ በተራ ማስታወሻውን ሊያነብባት ይችላል። ያቺ ማስታወሻ ደግሞ የሩቅ ማሽን እስኪመለስ አትጠብቅም።