ለባል የሚጾም ሰኞ

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ለባል ተጹሞ ያውቃል? ስለት ተስላ፣ ጧፍ አብርታ "ደህና ሰው ጣልልኝ" ያለች ልጅማ እኛም ዘንድ አትጠፋም። እኔ የምላችሁ ግን ሌላ ነው። አሥራ ስድስት ሰኞ አንድ፣ ሁለት ብሎ ቆጥሮ፣ ገና መልኩ ላልታወቀ ሰውዬ ሆድን አጥፎ መዋል! ህንድ አገር በክረምት ይሄ ብርቅ አይደለም። ኮምፒዩተር ላይ የምትሠራዋም፣ ባንክ የምትቀመጠዋም፣ በሞተር ሳይክል ዩኒቨርሲቲ የምትመላለሰዋም ሰኞ ሲሆን ምሳ የለችበትም።

ይሄንን በወሬ አይደለም የሰማሁት። ፑኔ የምትባል ከተማ ውስጥ ሁለት ዓመት ተኩል ተምሬያለሁ። ፑኔ በማሃራሽትራ ግዛት ከሙምባይ 150 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቅ፣ የተማሪ ከተማ ናት። የተከራየሁት ክፍል የአንዲት ባል የሞተባቸው እናትና የሴት ልጃቸው ቤት ውስጥ ነበር። እናትየውን ሰፈሩ በሙሉ "ካኩ" ይላቸዋል። በማራቲ ቋንቋ የአጎት ሚስት ማለት ነው፤ ያው እኛ "እትዬ" እንደምንለው። ልጃቸው 27 ዓመቷ ነበር፤ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ጸሐፊ ናት፤ ደመወዟ ከእናቷ ጡረታ ስንት እጥፍ! የምነግራችሁ እ.ኤ.አ. በ2018 ክረምት ስለሆነው ነው።

ክረምታቸው ከኛው ጋር አንድ ላይ ነው የሚገባው። እኛ "ሰኔ ግም" ስንል እነሱም ጥላቸውን ያወጣሉ። ታዲያላችሁ፣ በእምነታቸው ቪሽኑ የሚባለው አምላክ በዚሁ ሰሞን አራት ወር ይተኛል። እሱ ተኝቶ ሠርግ መደገስ ደስ ስለማይል ብዙው ቤተሰብ እስከ ኅዳር ገደማ አይድርም። መነኮሳቱም ድሮ በዝናብ ወራት ከአገር አገር አይዞሩም ነበር፤ የቡድሃም የጃይንም መነኮሳት ይሄ ደንብ አላቸው፤ ጭቃው ውስጥ ያለ ነፍሳት ይረገጣል ተብሎ። መንገዱ ተዘግቶ፣ ዘሩ ተዘርቶ፣ ሠርጉ ቆሞ ሰው ቤቱ ሲቀመጥ ምን ይሠራል? ይጾማል፣ ይጸልያል። ከአራቱ ወራት የጾሙ እንብርት ሽራቫን የሚባለው ነው። የጨረቃ ወር ስለሆነ ከዓመት ዓመት ወዲያና ወዲህ ይላል፤ ደግሞ ለዚህም አይስማሙም! ሰሜኖቹ ወሩን ከሙሉ ጨረቃ ማግስት ሲጀምሩ፣ ማሃራሽትራዎች ግን ጨረቃ ስትወለድ ነው፤ በመሃሉ 15 ቀን ይሄዳል።

የሽራቫን ዋዜማ ፑኔ ውስጥ ብትሆኑ አገራችሁ ያላችሁ ይመስላችኋል። ቅበላ ነዋ! በሥርዓቱ ቤት ያለው መብራት ሁሉ ተወልውሎ የሚመለክበት ቀን ነው። ጎረምሳው ግን "ጋታሪ" ይለዋል፤ ሥጋ ቤቱ በሰልፍ ይጨናነቃል፣ መጠጥ ቤቱ ይሞላል፣ በማግስቱ ወር ሙሉ ሥጋ የለም። ስሙ ሰክሮ ቦይ ውስጥ ከመውደቅ የመጣ ነው እያሉ ራሳቸው ይሳለቃሉ። የሽንኩርት ቅበላም አላቸው ብላችሁ ታምናላችሁ? ቪሽኑ ሊተኛ ሁለት ቀን ሲቀረው አጥባቂው ቤተሰብ የሽንኩርት ጥብስ አይነቱን ሁሉ ይበላና፣ ከዚያ አራት ወር ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም እቤቱ አይገባም። ሁለቱ ደም ያሞቃሉ፣ ስሜት ይቀሰቅሳሉ ይባላል።

እኔና ካኩ የተጋጨነው እዚህ ላይ ነው። የዚያን ዓመት የሽራቫን የመጀመሪያው ሰኞ ፍልሰታ ውስጥ ዋለ። ካኩ ጠዋት በወተት የፈላ ሻይ ይዘውልኝ መጡ። በተሰባበረ ሂንዲዬ "ጾም ላይ ነኝ፣ ወተት አልጠጣም" አልኳቸው።

"ወተት? ወተት ምን አጠፋ? ላሚቷ እናት አይደለችም እንዴ!"

ማታ ደግሞ እኔ ሽሮዬን ልሠራ ሽንኩርት ስከትፍ በሩ ላይ ደርቀው ቀሩ። "ሽንኩርት እየበላሽ ነው የምትጾሚው?" አሉኝ፤ ፊታቸው ላይ የነበረው ድንጋጤ እኔ አርብ ቀን ክትፎ የሚበላ ቄስ ባይ ከሚሰማኝ አያንስም። ከዚያ በኋላ ሽንኩርቴን በረንዳ ላይ እከትፍ ነበር።

የነሱ የጾም ምግብ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ሩዝና ስንዴ ክልክል፣ ወተት፣ እርጎና ቅቤ ፍቁድ። ከባሕር የሚወጣው ጨው አይሆንም፤ እንደኛ አሞሌ ከመሬት ተቆፍሮ የሚወጣው ነው የሚጨመረው። የጾሙ ንጉሥ "ሳቡዳና" ነው። ከካሳቫ ሥር የሚሠራ፣ እንደ ዶቃ የሚያንጸባርቅ ነጭ ፍሬ ነው። ሌሊቱን ይዘፈዘፍና ጠዋት ከድንች፣ ከተፈጨ ለውዝና ከቃሪያ ጋር በቅቤ ይታሻል። አንድ ሳህን የበላ ሰው እንኳን ሊራብ፣ እንቅልፍ ነው የሚጥለው! ማራቲዎች ራሳቸው "ጾም ነው፣ እጥፍ ብላ" ይላሉ። ነገሩን ሳስበው ካሳቫውም፣ ድንቹም፣ ለውዙም፣ ቃሪያውም ከአሜሪካ አህጉር በአውሮፓ መርከብ የመጡ ናቸው። የኔ ግምት፣ ጥንት "እህል አትብሉ" ብለው ሕግ ያወጡት ሊቃውንት እነዚህን አያውቋቸውም ነበርና ስማቸውን ሳይጠሩ ቀሩ፤ በዚያው ሾልከው ገቡ።

አንድ ምክር ጣል ላድርግ። ካኩ ስኳር ነበረባቸው። ሳቡዳና ማለት ስታርች ብቻ ነው፤ ስኳር ላለበት ሰው ከዳቦ አይሻልም። ሐኪማቸው ተቆጣቸው። እሳቸውም አልተከራከሩም፤ ውሃ፣ ሥራ ሥር፣ ፍራፍሬ፣ ወተትና መድኃኒት ጾም አያፈርሱም የሚል የቆየ ደንብ አላቸውና በፍራፍሬና በወተት ቀየሩት፣ ክኒናቸውንም በሰዓቱ ዋጡ። "ጾም ላይ ነኝ" እያላችሁ መድኃኒት የምትዘሉ እህቶችና ወንድሞች፣ ሰምታችኋል አይደል?

ሰኞ የሆነበት ምክንያት ሰኞ የሺቫ ቀን ስለሆነ ነው። አማልክትና አጋንንት ባሕሩን እንደ ወተት ሲንጡት መጀመሪያ የወጣው ቅቤ ሳይሆን መርዝ ነበር ይላሉ። ዓለም እንዳትጠፋ ሺቫ መርዙን ጠጣው፤ ጉሮሮው ላይ ያዘው፤ አንገቱ ሰማያዊ ሆነ። የሚያቃጥለውን ለማብረድ ነው ዛሬም ድረስ በሽራቫን ምስሉ ላይ ውሃና ወተት የሚፈሰው፣ ቤል የሚባለው ባለ ሦስት ዘርፍ ቅጠል የሚደረበው። በሰሜን ሕንድ ብርቱካናማ የለበሱ ሚሊዮኖች የጋንጅስን ውሃ በትከሻቸው ተሸክመው በእግራቸው ወደየአገራቸው የሚሄዱትም ለዚሁ ነው። ፑኔዎች ደግሞ ጭጋግ ወደማይለየው ተራራ፣ ወደ ቢማሻንካር ቤተ መቅደስ በአውቶቡስ ይጎርፋሉ። አዲስ ሙሽሮች በየሰኞው አንድ አንድ እፍኝ ይሰጣሉ፤ አንዱን ሰኞ ሩዝ፣ ቀጥሎ ሰሊጥ፣ ቀጥሎ ማሾ፣ ቀጥሎ ገብስ። የእባቡን ቀን፣ እህት ለወንድሟ ክር የምታስርበትን፣ ዓሣ አጥማጆች ለባሕሩ ኮኮናት የሚሰጡበትን ሁሉ ልዘርዝር ብል ገጹ አይበቃኝም።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። አሥራ ስድስቱ ሰኞ የተጀመረው በእናት ውሳኔ ነው። ካኩ ያጩላት መሐንዲስ ነበር፤ ወገናቸው፣ ካስታቸው አንድ። ልጅቷ ግን መሥሪያ ቤቷ ውስጥ የምትወደው ልጅ አላት፤ ካስቱ ሌላ፣ ያውም እናትየው ሰው ፊት ስሙን የማይጠሩት። ካኩ ክፉ ሰው አልነበሩም። ፍርሃታቸው የሟች ባላቸው ወንድሞች ነበሩ። "ይሄ ከሆነ እግራችን ደጃፍሽን አይረግጥም" ብለዋቸዋል። ባል የሞተባት ሴት በዘመድ ስትተው ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም።

ጾሙ ሲጀመር ቀኝ መዳፍ ላይ ውሃ ይያዛል። ስም፣ ቀንና ቦታ ተጠርቶ "ይሄንን ጾም ለዚህ ብዬ እጾማለሁ" ይባልና ውሃው ይፈስሳል። ካኩ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ለልጃቸው ጥሩ ባል ለመኑ። ልጅቷ ከንፈሯን ብቻ አንቀሳቀሰች። ማታ ክፍሌ መጥታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና "ምን እንዳልኩ ታውቂያለሽ? የሱን ስም ነው የጠራሁት" አለችኝ። እንግዲህ አስቡት፤ እናትና ልጅ አንድ ሰኞ፣ አንድ አምላክ ፊት፣ በባዶ ሆድ ቆመው ሁለት የተለያየ ወንድ ይለምናሉ!

የህንድ ፊልም አፍቃሪዎች ትዝ ሳይላችሁ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1995 በወጣው "ዲልዋሌ ዱልሃኒያ ሌ ጃየንጌ" ውስጥ ካጆል ለባል የሚጾመውን ጾም ጾማ፣ ለታጨላት ሳይሆን ለሻሩክ ካን ትፈታዋለች፤ ውሃውን ከሱ እጅ ለመጠጣት ራሷን የሳተች ትመስላለች። ሲኒማ ቤት ስናየው አጨብጭበናል። ቤት ውስጥ ሲሆን ግን ማጨብጨብ ይከብዳል።

ሽራቫን አልቆ በሦስተኛው ቀን "ሃርታሊካ" የሚባለው ጾም መጣ። ይሄኛው ሳቡዳና የለበትም፤ አጥባቂዎቹ ውሃ እንኳ በአፋቸው አይዞርም። ሴቶቹ ከአሸዋ የሺቫን ምልክት ይሠራሉ፤ አጠገቡ የፓርቫቲንና የአንዲት ጓደኛዋን ምስል አስቀምጠው በቅጠልና በአበባ ይሸፍኑታል። ካኩ ቤት ጎረቤቶች ተሰበሰቡ፤ አንዲት ሴትዮ የጾሙን ታሪክ ማንበብ ጀመሩ። ልጅቷ ለኔ በጆሮዬ ትተረጉምልኛለች።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ፓርቫቲ ከልጅነቷ የምትወደው ሺቫን ነው። አባቷ ግን ለቪሽኑ ሊድራት ቃል ገባ። ስታለቅስ ያገኘቻት ጓደኛዋ ጠልፋ ጫካ ወሰደቻት። የበዓሉ ስም ራሱ "በጓደኛ መጠለፍ" እንደ ማለት ነው። እኛ ጠለፋ ሲባል የምናውቀው ልጅቱን ጋብቻ ውስጥ ለመክተት ነው፤ ይሄኛው ከጋብቻ ለማስጣል! ከዚያ ፓርቫቲ ዋሻ ውስጥ የአሸዋ ምስል ሠርታ፣ ጾማ፣ ሌሊቱን ነቅታ ሺቫን አገኘችው። አባቷ ፈልጎ ሲያገኛት "ለሱ ካልዳርከኝ ቤት አልገባም" አለችው። እሺ አለ።

እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ያቺ አገር ውስጥ ስንት እናት ልጇን "በርቺ፣ እኛ የምንመርጥልሽ ጥሩ እንዲሆን" እያለች የምታስጾማት፣ አባቷ የመረጠላትን እምቢ ባለች ልጅ ስም ነው?

ልጅቷም ዝም አላለችም። ታሪኩ እንዳለቀ፣ ሴቶቹ በተሰበሰቡበት፣ "እማ፣ ፓርቫቲ እኮ እምቢ ብላ ነው የጾመችው" አለች።

ካኩ ቀና ሳይሉ አበባውን እያስተካከሉ "እሷ የመረጠችው ሺቫን ነው" አሏት።

"አባቷማ መች ወደደው! አመድ የተቀባ፣ ቤት የሌለው፣ መቃብር ለመቃብር የሚዞር፣ አንገቱ ላይ እባብ የጠመጠመ..."

አንዷ ጎረቤት ሳቋ አመለጣት። ሌሎቹ ተከተሉ። ካኩ አልሳቁም፤ አልተቆጡምም። ሌሊቱን ሙሉ ዘፈን እየተዘፈነ ከልጃቸው ጋር አንድ ቃል አልተነጋገሩም። ጠዋት ግን የመጀመሪያውን ብርጭቆ ውሃ ይዘው መጥተው የሰጧት እሳቸው ናቸው።

አሥራ ስድስቱ ሰኞ ኅዳር ላይ ሞላ። ስለ መሐንዲሱ ወሬ በቤቱ መነሳት አቆመ፤ መቼ እንደቆመ በትክክል አላውቅም። ልጅቷና ፍቅረኛዋ በ1954ቱ ልዩ የጋብቻ ሕግ ሊጋቡ ማመልከቻ አስገቡ። በዚህ ሕግ ሃይማኖትም ካስትም አይጠየቅም፤ ማስታወቂያው ግን 30 ቀን ቢሮው ላይ ተለጥፎ ይቆያል። ሰላሳ ቀን! አጎቶቿ መጥተው አዩት፤ ካስት መለየት መቃወሚያ አይሆንምና አንብበው ተመለሱ። በጥር 2019 በሦስት ምስክር ፊት ፈረሙ። ካኩ ጉልበታቸውን አሟቸው እቤት ቀሩ።

በተከታዩ ሽራቫን፣ በመጀመሪያው ማክሰኞ፣ ካኩ ጎረቤቶቻቸውን ጠሩ። ማክሰኞ ያገቡ ሴቶች እስከ አምስት ዓመት ድረስ ፓርቫቲን የሚያመልኩበት፣ ሌሊቱን እጅ ለእጅ ተያይዘው እየተሽከረከሩ የሚጫወቱበት ቀን ነው። ሙሽራዋ አረንጓዴ ሳሪ ለብሳ መጣች። ለአጎቶቿ ሚስቶችም ካኩ ራሳቸው ስልክ ደውለው ነበር። አንዷ መጣች፤ ሌላዋ አልመጣችም።